በፖስታ የታሸገ ቀሚስ

ፖስታው ትንሽ ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አያልፍም። ፊቱ ላይ ጓንት ያጠለቁ፣ ባርኔጣ የደፉ፣ ወገባቸው በሁለት መዳፍ ተጨብጦ የሚያልቅ የሚመስሉ ሴቶች ተሥለዋል። የአንደኛዋ ቀሚስ ከወገቧ ጀምሮ እንደ ዣንጥላ ተዘርግቷል፤ ሌላዋ ያንኑ ቀሚስ ከታች ጠበብ አድርጋ ለብሳዋለች። ከጎናቸው የሞዴሉ ቁጥር፣ ልኩና ዋጋው ታትሟል። ፖስታው ሲገለበጥ ሠንጠረዥ አለ። የጨርቁ ወርድ ይህን ያህል ከሆነ ይህን ያህል ርዝመት ይበቃል፣ ይህን ያህል ቁልፍ፣ ይህን ያህል ዚፕ ያስፈልጋል ይላል። ውስጡ ጨርቅም ክርም የለም። ያለው ብዙ ጊዜ የተጣጠፈ ስስ ቡናማ ወረቀትና አንድ የመመሪያ ገጽ ነው።

ልብስ ሰፊዎች ፓተርን የሚሉት የልብስ ቅድ ይህ ነው። በ1940ዎቹ፣ በ50ዎቹና በ60ዎቹ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እጅግ ብዙ የአሜሪካና የአውሮፓ ሴቶች ለራሳቸውና ለሴት ልጆቻቸው ቀሚስ የሰፉት ከእንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው። ከቀሚሶቹ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ተለብሰው፣ ታጥበው፣ ለታናሽ እህት ተላልፈው፣ በመጨረሻም የወለል መወልወያ ሆነው አልቀዋል። ፎቶግራፎቻቸው ቀርተዋል፤ ፎቶግራፍ ግን የቀሚሱን መልክ እንጂ አሠራሩን አይናገርም። እጅጌው ከትከሻው ጋር እንዴት እንደተጋጠመ፣ ወገቡ በምን ብልሃት እንደጠበበ፣ ሽንሽኑ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደበላ የሚነግረን ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ እስካለ ድረስ ያንን ቀሚስ ዛሬም ሰፍቶ ማቆም ይቻላል። እነዚህን ፖስታዎች እንደ ሰነድ የማያቸው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር አብሮ ይጥላቸዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ማሳቹሴትስ ውስጥ ስተርሊንግ ከምትባል ከተማ ነው። እዚያ ኤቤኔዘር በተሪክ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ሲነገር እንደኖረው በ1863 ባለቤቱ ኤለን ዳማ ዳማ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ለልጃቸው ልብስ ልትቀድ ስትል ተቸገረች። በዚያን ጊዜ የሚገኘው ቅድ በአንድ ልክ ብቻ የተዘጋጀ ስለሆነ ማስፋቱም ማጥበቡም የሰፊዋ ፈንታ ነበር። መጽሔቶች የሚያወጡት የቅድ ሥዕልም በጣም አንሶ የታተመ ስለነበር አሳድጎ ለመጠቀም ሙያ ይጠይቃል። ሙያ ያላት ትወጣዋለች፤ የሌላት ጨርቋን ታበላሻለች። በተሪክ አንዱን ቅድ ከትንሽ እስከ ትልቅ በተከታታይ ልኮች አዘጋጅቶ ይሸጥ ጀመር። ገዢዋ የራሷን ልክ መርጣ ትወስዳለች፤ ከባዱን ስሌት ባለሙያው ጨርሶላታል። መጀመሪያ የወንዶችና የሕፃናት ልብስ ነበር፤ ከ1866 ወዲህ የሴቶች ቀሚስ ተጨመረ። ቤተሰቡ ወረቀቱን በቤቱ እየቆረጠና እያጠፈ የጀመረው ሥራ በዓመቱ ኒው ዮርክ ገባ።

ሌሎችም ተከተሉ። ከስኮትላንድ የመጣው ልብስ ሰፊ ጄምስ ማኮል በ1870 የራሱን ድርጅት አቆመ፤ ቮግ መጽሔት በ1899 ቅድ ማቅረብ ያዘ፤ ሲምፕሊሲቲ በ1927 መጣ። የሲምፕሊሲቲ መምጣት ትልቅ ነገር ነበር፤ ቅዱን በ15 ሳንቲም ሸጠው። ብዙም ሳይቆይ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ደረሰ፤ ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ መግዛት ያቃታት ሴት ሁሉ እነዚያን ርካሽ ወረቀቶች ፈለገች።

የጥንቶቹ ወረቀቶች ላይ አንድም የታተመ ፊደል የለም። ቁራጮቹ በቅርጻቸው ተቆርጠው የሚመጡ ሲሆን መልእክታቸውን የሚናገሩት በቀዳዳ ነው። አንዱ ዓይነት ቀዳዳ ጨርቁ እዚህ ጋ ይታጠፍ ይላል፤ ሌላው ቆንጥጠህ ስፋ ይላል፤ ተከታትለው የተበሱት የጨርቁን ክር አቅጣጫ ያሳያሉ። ማኮል በ1920ዎቹ መጀመሪያ መሥመሩንና ጽሑፉን ወረቀቱ ላይ ማተም ጀመረ፤ የፈጠራ መብቱንም ስለያዘ ሌሎቹ እስከ 1938 ድረስ በቀዳዳው ቀጠሉ። ቮግ እንዲያውም እስከ 1950ዎቹ አልተወውም።

ከእነዚህ ፊደል አልባ ቅዶች አንዱን አዲስ አበባ ውስጥ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ ተክለው ዕድሜያቸውን በስፌት ላሳለፉ አንድ አዛውንት አሳየኋቸው። የ1940ዎቹ የልጃገረድ ቀሚስ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ያውቁታል?»

መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን የመቅደጃው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ዳበሱት፤ እንዳይቀደድ ትንፋሻቸውን እንኳን ሰብሰብ አድርገው ነበር።

«እቺ እጅጌ ናት» አሉ። «አናቷ ላይ እንዲህ ያበጠችው ትከሻው ላይ እንድትሸነሸን ነው። እቺ ጀርባ ናት፣ አንገቷ ከፍ ብሏል። እቺ ፊት ናት፣ አንገቷ ወደ ታች ጎድጎድ ብሏል።» ከእጅጌው ጠርዝ ብቅ ያለች ትንሽ ሦስት ማዕዘን በጣታቸው ነኩ። ከዚያ የፊቱን ቁራጭ አንሥተው ብብቱ አካባቢ ያለችውን መሰሏን ፈለጉና አገኟት። «አሃ፣ እዚህ ከዚህ ጋር ይጋጠማል ማለት ነው። እኛ በጠመኔ ነው ምልክት የምናደርገው።»

ቅዱን ጨርሰው እስኪያነቡት የፈጀባቸው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከማቀዝቀዝ ያለፈ አልነበረም። ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁኝ፤ «የኔ ልጅ፣ ይህን የቀደደው ሰው ስንት ሴት ለክቶ ነው?»

የጠቅላላው ሥራ ቁልፍ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። የኛ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ፊቱ የቆመችውን አንዷን ሴት ይለካል። የሷን ትከሻ፣ የሷን ደረት፣ የሷን ወገብ በደብተሩ ይይዛል፤ ለሷ ብቻ ይቀዳል። ኒው ዮርክ ያለው ባለሙያ ግን ለባሿን አያያትም። ካንሳስ ትኑር ሎንዶን፣ ወፍራም ትሁን ቀጭን አያውቅም። ስለዚህ አንድ መነሻ ልክ ይዞ ቀሚሱን በዚያ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቁራጭ በተወሰነ መጠን እያሰፋና እያጠበበ ሌሎቹን ልኮች ያወጣል። ጭማሪው በሁሉም በኩል እኩል አይደለም። ደረት ሲሰፋ ትከሻ በዚያው መጠን አይሰፋም፤ የእጅጌ ርዝመት ደግሞ ከሁለቱም ያነሰ ነው የሚጨምረው። ይህን ሒሳብ በትክክል ለመሥራት የብዙ ሰው ልኬት ያስፈልጋል።

የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት በ1939 እና በ1940 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ያስለካው ለዚሁ ነበር። ከእያንዳንዷ ሴት ክብደቷን ጨምሮ 59 ዓይነት ልኬት ተወሰደ፤ ውጤቱም በ1941 ለልብስና ለቅድ ሥራ እንዲያገለግል ታትሞ ወጣ። በቁም ነገር የተሠራ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ለስሌቱ የተወሰደው የነጭ ሴቶች ልኬት ብቻ ነበር። ጥቁር ሴቶች፣ የላቲን ሴቶች፣ የእስያ ሴቶች ሰውነታቸው ያልተቆጠረበትን ወረቀት እየገዙ ራሳቸው አስተካክለው ሰፉበት። በየሣሎኑ የተለበሰው የዚያ ዘመን ቀሚስ ውስጥ ይህም አለ፤ ስለ ውበቱ ስናወራ አብሮ መነገር አለበት።

የልኩ ቁጥርም በየጊዜው ተለዋውጧል። ከ1956 በፊት 14 ቁጥር ማለት ደረቷ 32 ኢንች ለሆነ ሴት የተሰፋ ነው። በ1956 ያው 14 ቁጥር 34 ኢንች ሆነ። በ1967 እና 68 ደግሞ 34 ኢንቹ 12 ቁጥር ተባለ። ዛሬ ሱቅ ገብታ 10 ቁጥር የምትለብስ ሴት የ1950ዎቹን 10 ቁጥር ብትሰፋ እጇ እንኳን አይገባላትም። ፖስታው ላይ መታየት ያለበት በኢንች የተጻፈው የደረት ልክ ነው።

ከዚህ ሁሉ ዘመን ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ከ1947 በኋላ ያለውን ነው፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ማስታወስ ይጠቅማል። በእንግሊዝ ልብስ ከሰኔ 1941 እስከ መጋቢት 1949 በኩፖን ነበር የሚሸጠው። በአሜሪካ መንግሥት በ1942 ባወጣው ትእዛዝ የጉርዱን ስፋት፣ የእጅጌውን ሙላት፣ የዘምዘማቱን ወርድ ወሰነ። የዚያን ጊዜ ቅዶች ቁጥብ ናቸው፤ ትከሻቸው ቀጥ ያለ፣ ጉርዳቸው ከጉልበት ትንሽ ወረድ ያለ፣ አንዲት ክንድ ጨርቅ የማያባክኑ። የካቲት 12 ቀን 1947 የፋሽን ባለሙያው ክርስቲያን ዲዮር ፓሪስ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራውን አሳየ። ወገብ ጠበበ፣ ትከሻ ለዘበ፣ ጉርዱ በብዙ ሜትር ጨርቅ ተነፍቶ እስከ ባት ወረደ። ዳቦ እንኳን በራሽን በሚበላበት ጊዜ ይህ ሁሉ ጨርቅ ምን ይባላል ብለው የተቆጡ ብዙዎች ነበሩ። ያም ሆኖ ሴቶች ወደዱት።

የፓሪሱን ቀሚስ የመግዛት አቅም የነበራቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቅዱን ግን ማንም መግዛት ይችላል። ቮግ በ1949 ከፓሪስ የፋሽን ቤቶች ጋር ተስማምቶ የእነ ባልማን፣ የእነ ፋትና የእነ ስኪያፓሬሊን ሞዴሎች በቅድ መልክ ማሳተም ጀመረ። ዋጋቸው ከሌሎቹ በብዙ ይበልጣል፤ ከወረቀቱ ጋር አንገት ላይ የሚሰፋ ምልክትም ይሰጣል። የአንዲት ትንሽ ከተማ መምህርት የባልማንን ካፖርት በማእድ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ቀድዳ፣ የሱን ስም አንገቷ ላይ ሰፍታ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ትችል ነበር።

እኔ ግን ከፓሪሶቹ ይልቅ ርካሾቹን እወዳለሁ። ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው በ1952 የወጣው የበተሪክ 6015 ቁጥር ነው። ቁርስ በልታ ስፌት የጀመረች ሴት ለምሳ ለብሳው ልትወጣ ትችላለች እየተባለ ይሸጥ ነበር። ብልሃቱ ከአቀዳደዱ ነው። ቀሚሱ በአንገት ይጠለቃል፤ ጠባቡ የፊት ክፍል ወገብን ዞሮ ከኋላ ይያያዛል፤ ሰፊው የጀርባ ክፍል ደግሞ በሁለት ጎን ወደ ፊት ዞሮ ወገብ ላይ በቁልፍ ይገጠማል። ዚፕ የለውም፤ የሚተከል እጅጌም የለውም። ጠርዙ ሁሉ በጥብጣብ ይከፈፋል። ጀማሪ ሰፊ የምትፈራቸውን ሁለቱን ነገሮች አስቀርቶ፣ የዲዮርን ሰፊ ጉርድ ያለ ዲዮር ገንዘብ የሰጠ ቅድ ነው። ድርጅቱ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና አሳትሞት አዲስ ትውልድ ሰፍቶታል።

የሴት ልጆች ቀሚስ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። በዚያ ዘመን ፖስታዎች ላይ ልጃገረዶች በዕድሜና በሰውነት እጅግ ተከፋፍለዋል። የሕፃናት፣ የልጆች፣ የልጃገረዶች፣ ለአሥራዎቹ የተቃረቡ፣ አሥራዎቹ ውስጥ የገቡ፣ ሌላው ቀርቶ ደልደል ያሉ ልጆች የራሳቸው ልክ ነበራቸው። የአለባበሱ ሥርዓት ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ክብ ኮሌታ፣ ትከሻው ላይ የተሸነሸነ አጭር እጅጌ፣ ከወገብ በታች የተሰበሰበ ጉርድ፣ ከኋላ የሚታሰር መቀነት። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት የሚለብሱባቸው ቅዶችም ይሸጡ ነበር።

በእነዚህ የልጅ ቀሚሶች ውስጥ ትልቁ ጥበብ ከታች ጠርዙ ላይ ነው። ዘምዘማቱ ሆን ተብሎ በጣም ሰፊ ይደረጋል። ልጅቷ ስታድግ ይፈታል፣ ቀሚሱ ይረዝማል፤ ሌላ ዓመት ታልፍበታለች። የድሮው እጥፋት መሥመር ታጥቦ ስለማይጠፋ ጥብጣብ ይሰፋበታል። ጥብጣቡ ለጌጥ የተደረገ ይመስላል፤ ሥራው ግን የድህነትን ምልክት መሸፈን ነው። እኛ አገር ዘምዘማቱ እየተፈታ ያደገ ሰው ይህን የሚያስረዳው ሰው አያሻውም።

ጨርቁም ቢሆን ሁልጊዜ ከሱቅ አልመጣም። ከ1930ዎቹ እስከ 50ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ገጠር ዱቄትና የዶሮ መኖ የሚታሸገው በጥጥ ከረጢት ነበር። ሴቶቹ ከረጢቱን ፈትተው ልብስ እንደሚሰፉበት አምራቾቹ ሲረዱ አበባ ያለበት፣ ባለ መሥመር፣ ባለ ነጠብጣብ ከረጢት ማተም ጀመሩ። የድርጅቱን ስም ታጥቦ በሚለቅ ቀለም ያደርጉታል። ለአንዲት ሴት ቀሚስ በብዛት ሦስት ያህል ከረጢት ይበቃል፤ ስለዚህ መኖ ሊገዛ የሚሄድ ባል ከቤት የጨርቅ ናሙና ተሰጥቶት፣ ካለው ጋር የሚመሳሰለውን ከረጢት ከክምሩ ሥር ጎትቶ እንዲያመጣ ይታዘዝ ነበር። የጥጥ አምራቾችና የከረጢት ፋብሪካዎች ማኅበራትም የስፌት መመሪያ እያሳተሙ ያድሉ ነበር።

ስፌቱን የሚያስተምረው ቤት ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1917 ባወጣው ሕግ የቤት አያያዝ ትምህርት ከመንግሥት ገንዘብ ይመደብለት ስለጀመረ ሴት ተማሪዎች ቅድ ማንበብን እንደ ሌላው ትምህርት ተማሩት። ለጀማሪ የሚመረጠው ጉርድ ቀሚስ ወይም ሽርጥ ነው፤ የዓመቱ ማብቂያ ላይ ሙሉ ቀሚስ ሰፍቶ ለብሶ መታየት ነበር። ብዙ ሴቶች የመጀመሪያ ገንዘባቸውን ያገኙት ከዚያ በኋላ ለጎረቤት በመስፋት ነው።

ለጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ደግሞ ስፌት ሌላ ትርጉምም ነበረው። በደቡብ ግዛቶች ብዙ ሱቆች ጥቁር ሴት ልብስ ለክታ እንድታይ አይፈቅዱላትም ነበር። ገንዘቧን ይወስዳሉ፤ ልብሱ ሰውነቷን እንዳይነካ ግን ይከለክላሉ። ቅድ ገዝታ ቤቷ የምትሰፋ ሴት ያን ውርደት ከደጃፏ ትመልሰዋለች። ሮዛ ፓርክስ ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 ሞንትጎመሪ ላይ ከአውቶቡስ ወንበሯ አልነሣም ስትል መተዳደሪያዋ በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ልብስ ማስተካከል ነበር። በዚያ ጊዜ አካባቢ ለራሷ ትሰፋው የነበረ ቀሚስ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ መስከረም 4 ቀን 1957፣ የ15 ዓመቷ ኤልዛቤት ኤክፎርድ ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረው የሊትል ሮክ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄደች። ቤታቸው ስልክ ስላልነበረ አብረዋት ትምህርት ቤቱን የሚጀምሩት ሌሎቹ ስምንት ጥቁር ተማሪዎች አንድ ላይ እንዲሄዱ የተላለፈው መልእክት አልደረሳትም፤ ብቻዋን ነበረች። ወታደሮች መንገዱን ዘጉባት፤ ሕዝብ ከኋላዋ እየጮኸ ተከተላት። ያን ቅጽበት የያዘው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው ከኋላዋ አፏን ከፍታ የምትጮኸውን ነጭ ልጅ ያያል፤ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ደብተሯን ያቀፈችውን ኤልዛቤትን ያያል። እባካችሁ ቀሚሷንም እዩት። ነጭ ነው፤ ከታች ጉርዱ ላይ ሰፊ ዳማ ዳማ ጨርቅ ተቀጥሎበታል። ለትምህርት የመጀመሪያ ቀን ብላ ራሷ የሰፋችው ነው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሽንሽኑ እኩል ወርዷል፤ በጥንቃቄ ተተኩሷል። ያን ቀን ሊያዋርዷት የወጡት ሰዎች ሁሉ ያዩዋት የራሷን የእጅ ሥራ ለብሳ ነው።

ዛሬ የተረፉት ፖስታዎች የሚገኙት በውርስ ዕቃ ሽያጭ፣ በአሮጌ መጽሐፍ ሱቅና የሟች እናታቸውን ቤት ዕቃ በሚያጸዱ ልጆች እጅ ነው። ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚሰጡት ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተቆረጠውን፣ እጥፋቱ እንኳን ያልተፈታውን ነው። በዚህ ከእነሱ ጋር አልስማማም። የተሠራበት ወረቀት ብዙ ይናገራል። የስፒል ቀዳዳዎች አሉት። አንዷ ወገቡ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ ለጥፋ አስፍታዋለች፤ ምናልባት ወልዳ ይሆናል። ሌላዋ የጉርዱን ርዝመት በእርሳስ ሠርዛ ሦስት ኢንች ጨምራለች። አንዳንዴ ፖስታው ውስጥ ከተሰፋው ቀሚስ የተረፈች የጨርቅ ቁራጭ ትገኛለች፤ የዚያን ቀሚስ ቀለም በዓለም ላይ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

ይህን ሀብት በሥርዓት ካኖሩት ተቋማት ዋነኛው የሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የቲያትር አልባሳት ባለሙያዋ ቤቲ ዊሊያምስ ያሰባሰበችውንና ሌሎች ስብስቦችን ይዞ የንግድ ቅዶች መዝገብ አቋቁሟል፤ ሥራውን ለረጅም ዓመታት የመራችው ጆይ ስፓናቤል ኤመሪም የዚህን ኢንዱስትሪ ታሪክ በ2014 በመጽሐፍ አውጥታለች። የፊልምና የቲያትር ባለሙያዎች አንድ ቀሚስ የየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚያረጋግጡት በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ነው። ኢንዱስትሪው ራሱ ግን ተዳክሟል። ድሮ ተፎካካሪ የነበሩት በተሪክ፣ ማኮል፣ ቮግና ሲምፕሊሲቲ በመጨረሻ በአንድ ባለቤት ሥር ገቡ፤ ያ የአሜሪካ ኩባንያም በ2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ቅዶቹ በብዛት ይሸጡበት የነበረው ጆአን የተባለው የጨርቅ መደብር 800 ያህል ቅርንጫፎቹን ዘጋ።

ከእነዚህ ቅዶች በአንዱ መስፋት ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ነገር ልንገር። ዋናው ወረቀት በፍጹም መቀስ አይንካው። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ያለ እንፋሎት ተኩሶ ካቃኑት በኋላ በሌላ ወረቀት ላይ መገልበጥና የተገለበጠውን መቁረጥ ነው። ለስፌት የሚተወው ትርፍ ከድርጅት ድርጅት፣ ከዘመን ዘመን ስለሚለያይ መመሪያው መነበብ አለበት። ዚፑ በብዛት ከጀርባ ሳይሆን በግራ ጎን ነው የሚገባው። ወገቡ የጠበበው በውስጥ አጥባቂ ልብስ እንደሚታሰር ታስቦ ስለሆነ ለዛሬ ሰውነት ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር መጨመር ግድ ነው። ከሁሉ በፊት ግን በአቡጀዲ ተሰፍቶ ይሞከር። አያቶቻችን ከሩቅ ይመጣላቸው ከነበረው አቡጀዲ ብዙው የአሜሪካ ሥሪት ነበር፤ ያ ጥጥ ጨርቅ ከተሸመነባቸው ግዛቶች አንዷም በተሪክ ቅዱን የጀመረባት ማሳቹሴትስ ናት።

በዚያው በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አዲስ አበባ፣ አስመራ፣ ድሬዳዋና ሐረር ውስጥም ግሩም ቀሚሶች ተሰፍተዋል። የእናቶቻችንን አልበም የገለጠ ሰው ያውቃቸዋል፤ ክሎሹን፣ ሽንሽኑን፣ ወገቡ ላይ ጥብቅ ያለውን፣ የበዓል ቀን የተለበሰውን የትንሿን ልጅ ባለ መቀነት ቀሚስ። እነዚህን የሰፉት ልብስ ሰፊዎች ብዙዎቹ ወረቀት አልተጠቀሙም። ሞዴሉን ከመጽሔት ሥዕል ወይም ከሰው ላይ አይተው፣ ልኩን በደብተር ይዘው፣ ጨርቁ ላይ በቀጥታ በጠመኔ ሠርዘው ቀደዱ። ከላይ ያነሣኋቸው አዛውንት ያን የአሜሪካ ወረቀት ያለ ፊደል ያነበቡት በዚህ ሙያ ነው። ሙያው ከኒው ዮርኩ ባለሙያ አያንስም፤ እንዲያውም አንዷን ሴት እንደ ራሷ ለክቶ ስለሚቀድ ይበልጣል እላለሁ። ጉዳቱ፣ ልብስ ሰፊው ሲያርፍ ቅዱም አብሮት ማለቁ ነው። አንድ የሮድ አይላንድ ተማሪ የ1952 የአሜሪካን ቀሚስ ዛሬ መልሶ መስፋት ይችላል፤ እኛ ግን በዚያው ዓመት ፒያሳ የተሰፋን ቀሚስ ከፎቶግራፍ ላይ ከመገመት ያለፈ ነገር በእጃችን የለም።

ይህን ለማካካስ ጊዜው አላለፈም። በሳጥን የተቀመጠ የእናት ወይም የአያት ቀሚስ ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቴል አቪቭም ሁኑ ዱባይ፣ ቀሚሱን ሳትፈቱ ሰፊ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ክፍል በእርሳስ ገልብጡት። ሽንሽኑን ቁጠሩ፤ የዘምዘማቱን ወርድ ለኩ፤ ዚፑ ወይም ቁልፉ የት እንዳለ ምልክት አድርጉ። በእድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ የምታውቁ ደግሞ አንድ የድሮ ቀሚስ በወረቀት ላይ እንዲቀዱላችሁ ለምኗቸው፤ የሥራ ዋጋቸውንም ክፈሏቸው። ወረቀቱን አጥፋችሁ ፖስታ ውስጥ ስትከቱ ዓመቱን፣ ከተማውንና የለባሿን ልክ ከላይ ጻፉበት። የሰፊውንም ስም አትርሱ።